ቬሪፊኬሽን ሲዘጋ የሚሠራ፣ ሲከፈት እምቢ የሚል ክላየንት፦ ከ14 ማሽን 5ቱ አይገናኙም

ልደታ_ኮድ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ሰላም ለቤቱ። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሱቆች የተተከለ የሽያጭ ፕሮግራም (ክላየንት) ነው። ማሽኖቹ 14 ናቸው፤ 13ቱ ዴቢያን 13 ላይ ፓይተን 3.13፣ አንዱ የአንድሮይድ 6 ታብሌት። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሁሉም የቀኑን ሽያጭ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ወደ አንድ ሰርቨር ይልካሉ። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው። ሰርተፍኬቱ (የሰርቨሩ የማንነት ወረቀት) ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ነጻ አውጪ የሰጠው የ90 ቀን ነው፣ ባለፈው ሳምንት ታድሷል።

ሰሞኑን መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አምስቱ አልገናኝ ብለዋል። ሦስቱ የሊኑክስ ማሽኖች «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ይላሉ። ታብሌቱ «የመተማመኛ ሥር አልተገኘም» ይላል። አምስተኛው ምንም ኤረር የለውም፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ለሰዓታት። የዚህኛው ሱቅ ራውተር ሰሞኑን ተቀይሯል።

በቢሮዬ ብራውዘር ሰርቨሩ ያለችግር ይከፈታል። ቬሪፊኬሽኑን (የሰርተፍኬት ምርመራውን) ፎልስ ሳደርገው፣ ማለትም ስዘጋው፣ አራቱ ወዲያው ይገናኛሉ፤ ዝምተኛው ግን እንደዚያም ሆኖ ንቅንቅ አይልም። ለጊዜው ፎልስ አድርጌ ብተወው ምን ይመጣል?

ሰባራ_ባቡር · ሰኞ፣ 4፡05

አትተወው። «ለጊዜው» የተባለ ፎልስ ሦስት ዓመት ይቀመጣል።

ደግሞ አንድ በሽታ አይደለም የያዘህ፣ ሦስት ነው። «ገና አልጸናም» ማለት የማሽኑ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ታብሌቱ ሰርተፍኬት አውጪውን አያውቀውም። ዝምተኛው የኔትወርክ እንጂ የሰርተፍኬት ጉዳይ አይደለም፤ ቬሪፊኬሽን ዘግተህም አለመንቀሳቀሱ ምስክር ነው። አንድ መፍትሔ ለሦስቱ አትፈልግ።

እነዚህን አምጣ፦ በሦስቱ ማሽኖች ላይ «ዴት» ብለህ የሚወጣውን፣ ሰርቨሩ የሚልከውን የሰርተፍኬት ሰንሰለት (ከሰርቨሩ ሰርተፍኬት በመካከለኛው በኩል እስከ ታመነው ዋና አውጪ፣ እስከ «ሥሩ»፣ የሚያያይዘውን)፣ ዝምተኛው ማሽን ከየትኛው መልእክት በኋላ እንደሚቆም።

ካዛንቺስ_ማታ · ሰኞ፣ 4:30

ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቁብኝ። ቬሪፊኬሽን ቢዘጋም እኮ ኢንክሪፕት ሆኗል አይደል? መሐል ያለ ሰው ምን ያነባል?

ቁልፍ_ሠሪዋ · ሰኞ፣ 5፡15

ማንም አይስቅብህም፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሃንድሼኩን (ሁለቱ ማሽኖች ወሬ ከመጀመራቸው በፊት የሚተዋወቁበትን ልውውጥ) በቅርብ እንየው።

መጀመሪያ መስመሩን ለመክፈት የቲሲፒ ሦስት ፓኬት ይለዋወጣሉ። ከዚያ ክላየንቱ «ክላየንትሄሎ» ይልካል። ውስጡ 32 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር፣ የሚችላቸው የቲኤልኤስ (ኤችቲቲፒኤስ የሚመሰጥርበት ስምምነት) ዓይነቶች፣ የሚቀበላቸው የምስጠራና የፊርማ ዘዴዎች፣ የሚፈልገው ሰርቨር ስም (ኤስኤንአይ የሚባለው) እና በቲኤልኤስ 1.3 ደግሞ የቁልፍ ድርሻው አለ። በኤክስ25519 (አንዱ ቁልፍ የመጋሪያ ዘዴ) ከሆነ ድርሻው 32 ባይት ነው። ኤስኤንአይው በተለመደው አሠራር በግልጽ ነው የሚሄደው፤ መሐል ያለ ሰው የምን ሰርቨር እንደፈለግክ ያያል።

ሰርቨሩ «ሰርቨርሄሎ» ብሎ የራሱን ድርሻ ይመልሳል። አሁን ሁለቱም የራሳቸውን ምስጢር ከሌላው ድርሻ ጋር አባዝተው አንድ ዓይነት ቁጥር ያገኛሉ፣ ከእሱም ኤችኬዲኤፍ በሚባለው ስሌት ቁልፎች ይወልዳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይመሰጠራል፤ በ1.3 ሰርተፍኬቱ ራሱ ተመስጥሮ ነው የሚመጣው። በ1.2 ግን በግልጽ ነበር የሚመጣው።

እንግዲህ ልብ በል፦ እስካሁን ክላየንቱ ከማን ጋር ቁልፍ እንደተጋራ አላወቀም! ከአንድ ሰው ጋር ተጋርቷል፣ በቃ። ማንነቱ የሚታወቀው በሚቀጥሉት ሁለት መልእክቶች ነው። «ሰርተፍኬት» ስሙንና ይፋዊ ቁልፉን ያቀርባል። «ሰርተፍኬትቬሪፋይ» ደግሞ እስካሁን የተባባሉትን ሁሉ ጠቅልሎ በግል ቁልፉ ይፈርምበታል። ሰርተፍኬት የአደባባይ ወረቀት ስለሆነ ማንም ቀድቶ ማቅረብ ይችላል፤ ፊርማውን ግን ያለ ግል ቁልፉ ማንም አያወጣውም።

ቬሪፊኬሽን ስትዘጋ፣ ሱቁ ውስጥ የዋይፋይ ራውተሩን የያዘ ሰው የራሱን ቁልፍ ይጋራሃል፣ ራሱ የሠራውን ሰርተፍኬት ይሰጥሃል፣ በራሱ ቁልፍ ይፈርምልሃል። ፊርማው ልክ ነው፤ ሰውየው ነው ሌላ። ከዚያ በወዲያኛው በኩል እሱ ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ወሬህ በሁለቱም በኩል ኢንክሪፕት ነው፣ መሐል ላይ እሱ ያነበዋል። ለጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ለማታውቀው ሰው እንደመናገር ነው።

ካዛንቺስ_ማታ · ሰኞ፣ 5፡22

ገባኝ፣ እህቴ። እግዜር ይስጥሽ።

ልደታ_ኮድ · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ዴት ያወጣው፦ ሁለቱ ማሽኖች ዓመቱን 2018 ይላሉ፣ አንዱ 2015። መቼም 2018 እኛጋ ልክ ነው :)

አራት_ኪሎ_443 · ሰኞ፣ 8፡25

ይኸው ተገኘ። መብራት ሲጠፋ የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ (ክብ፣ ሳንቲም የምታክለዋ፣ ሲአር2032፣ 3 ቮልት) ሰዓቱ ወደ ፋብሪካ ቀኑ ይመለሳል፤ 2015 ያለው እንደዚያ ነው። ሁለቱን ግን ሰው በእጁ ሞልቷቸዋል። ባለሱቁ ቀን ሲጠየቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ ሞላ፣ አይፈረድበትም። ማሽኑ ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ተጓዘ። ባለፈው ሳምንት የወጣ ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው። የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራውና የምርመራው ሶፍትዌር) ኤረር ቁጥሩ 9 ነው።

ዓመቱን ስታስተካክል ሰዓቱንም እይ። የጠዋት 3 ሰዓትን 3፡00 ብለው ከሞሉ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። የምሽት 3 ሰዓትን 3፡00 ካሉ 18 ሰዓት። አብዛኛውን ቀን ምንም አይታይም፤ ሰርተፍኬቱ በታደሰ ዕለት ብቻ ይወድቅና ማታ «በራሱ ይድናል»። ሌትስ ኢንክሪፕት የመጀመሪያ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ያህል ወደኋላ አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ስድስት ሰዓት ግን አይሸፍንልህም።

ሌላው የሰዓት ሰቅ ነው። ሰርተፍኬት ላይ ያለው ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ አዲስ አበባ ከእሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ሰቁ ዩቲሲ እንደሆነ ተትቶ የአዲስ አበባ ሰዓት በእጅ ከተሞላ ማሽኑ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰርተፍኬቱም ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይሞትበታል።

የምታደርገው፦ ባትሪውን ቀይር። ክሮኒ (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጫን፣ ኮንፊጉ ላይ «ሜክስቴፕ 1 3» ይኑር፤ ማለትም ስሕተቱ ከ1 ሰከንድ ከበለጠ በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች በአንዴ ይዝለል። ያለዚያ የስምንት ዓመት ልዩነትን በዝግታ እየገፋ ሊያስተካክል ይሞክራል። የሰዓት ማስተካከያው የሚያልፍበት ዩዲፒ ፖርት 123 በየሱቁ ራውተር ክፍት መሆኑን እይ። ፕሮግራሙ ውስጥም አንድ ጥበቃ ጨምር፦ የማሽኑ ቀን ፕሮግራሙ ከተሠራበት ቀን ወደኋላ ከሆነ ለመገናኘት አይሞክር፣ «ሰዓቱን አስተካክሉ» ብሎ በአማርኛ ይጻፍ። ባለሱቁ «ሰርተፍኬት» ሲባል የንግድ ፈቃዱ ነው የሚታየው።

ልደታ_ኮድ · ሰኞ፣ 8፡40

የጊዜ ምርመራውን ብቻ ዘግቼ ሌላውን ብተወውስ?

አራት_ኪሎ_443 · ሰኞ፣ 8፡44

ያኔ ጊዜው ያለፈበትን፣ ቁልፉ የተሰረቀበትንም ሰርተፍኬት ትቀበላለህ። በዚያ ላይ የሽያጭ መዝገብህ ራሱ የ2018 ቀን ይዞ ይገባል። ሰዓቱን ማስተካከሉ ይቀላል።

ሰባራ_ባቡር · ሰኞ፣ 9፡30

ወደ ታብሌቱ። በመጀመሪያ ሰርቨሩ ንጹሕ መሆኑን እናረጋግጥ፣ ምክንያቱም ያው ኤረር መካከለኛው ሰርተፍኬት ሲጎድልም ይመጣል። ትእዛዙን በፊደላችን ልጻፈው፦ ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት፣ ሰረዝ ኮኔክት ከሰርቨሩ ስምና ከ443 ጋር፣ ሰረዝ ሰርቨርኔም ከዚያው ስም ጋር፣ ሰረዝ ሾውሰርትስ።

የመጣውን ቁጠር። አንድ ሰርተፍኬት ብቻ ከመጣ ሰርቨሩ ላይ የገባው ፋይል የቅጠሉ (የሰርቨሩ የራሱ ሰርተፍኬት) ብቻ ነው። ሰርትቦት (ሰርተፍኬቱን የሚያወጣልህና የሚያድስልህ ፕሮግራም) ከሚሰጥህ ፋይሎች መሐል «ሰርት» እና «ፉልቼይን» አሉ፤ የሚያስፈልግህ ፉልቼይን ነው። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው የሚያሳብደው ብራውዘር ስለሚሸፍነው ነው። ክሮም የጎደለውን መካከለኛ ከሰርተፍኬቱ ላይ አድራሻ አንብቦ ራሱ ያወርዳል፣ ፋየርፎክስ ቀድሞ ያከማቻቸው አሉት። ፓይተን፣ ከርል በኦፕንኤስኤስኤል፣ አንድሮይድ ግን አያወርዱም። «በብራውዘር ይከፈታል» የሚለው ማስረጃ ለዚህ ነው የማይረባው።

ሌላ ወጥመድ፦ ኤስ_ክላየንት ማረጋገጡ ቢወድቅም ግንኙነቱን ይቀጥላል። «ኮኔክትድ» ስላለ ደስ አይበልህ፣ ታች «ቬሪፋይ ሪተርን ኮድ» የሚለውን አንብብ። 0 ሰላም ነው። 9 ገና፣ 10 ያለፈበት፣ 18 ራሱን በራሱ የፈረመ፣ 20 አውጪው ያልተገኘ፣ 21 የመጀመሪያውን እንኳ ማረጋገጥ ያልተቻለ። ስምን ደግሞ ሳትጠይቀው አይመረምርም፤ ሰረዝ ቬሪፋይ_ሆስትኔም ጨምርበት፣ ያኔ ስሙ ካልገጠመ 62 ይልሃል።

ልደታ_ኮድ · ሰኞ፣ 10፡05

ሁለት መጣ፣ ኮዱ 0፣ ስሙም ገጥሟል። ሥሩ አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ1 (የሌትስ ኢንክሪፕት ሥር) ነው።

ቁልፍ_ሠሪዋ · ሰኞ፣ 10፡20

እንግዲያው ሰርቨሩ ደኅና ነው፣ ያረጀው ታብሌቱ ነው። አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ1 አንድሮይድ ውስጥ የገባው ከ7.1.1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያሉ ስልኮች የኖሩት በሌላ አውጪ አሮጌ ሥር ተደግፈው ነበር። ያ ሥር በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. አልፎበታል፤ የድጋፍ ፊርማውም እስከ 2024 ተራዝሞ ቆመ።

ታብሌቱን መቀየር ይሻላል። ካልሆነ ሥሩን መተግበሪያው ውስጥ አብረህ አሽገው። አንድሮይድ 7 ላይ ቢሆን በኔትወርክ ሴኪዩሪቲ ኮንፊግ ፋይል አንድ መስመር ነበር፤ 6 ያንን አያነብም፣ በኮድ ነው የምትሠራው፦ ሥሩን ኪይስቶር ውስጥ አስገባ፣ ከእሱ ትረስትማኔጀር ፋክተሪ ሥራ፣ ለኤስኤስኤል ኮንቴክስቱ ስጥ። ኦኬኤችቲቲፒ ከተጠቀምክ «ሃንድሼክ ሰርተፍኬትስ» የሚባለው ክፍል የስልኩንም የአንተንም ሥሮች አዋሕዶ ይሰጥሃል። ኢንተርኔት ላይ «ሁሉንም የሚቀበል ትረስትማኔጀር» የሚል ባዶ ኮድ ታገኛለህ፤ እሱ የፎልስ ወንድም ነው።

ባዶ ሶኬት የምትጠቀሙ ካላችሁም፦ የጃቫ ኤስኤስኤልሶኬት ሰንሰለቱን ይመረምራል እንጂ ስሙን ራሱ አይመረምርም። «ኢንድፖይንት አይደንቲፊኬሽን» የሚለውን «ኤችቲቲፒኤስ» ብላችሁ ካልሞላችሁ፣ ለሌላ ዶሜይን የወጣ ትክክለኛ ሰርተፍኬት ያልፋል። ሌባውም ለራሱ ዶሜይን ነጻ ሰርተፍኬት ማውጣት አያቅተውም።

በሲ ለሚጽፍ ይባስ። ኦፕንኤስኤስኤል በክላየንት በኩል ምንም ካላልከው ምንም አይመረምርም። ቅደም ተከተሉ፦ ኮንቴክስት በቲኤልኤስ_ክላየንት_ሜተድ፤ ቬሪፋይ ሞዱን ፒር ማድረግ፤ የሥሮቹን መንገድ መጫን፤ ዝቅተኛውን ዓይነት 1.2 ማድረግ፤ ከዚያ ስሙን ሁለት ጊዜ መስጠት። አንዱ ለኤስኤንአይ ነው፣ ሰርቨሩ የትኛውን ሰርተፍኬት እንደሚያወጣ እንዲያውቅ። ሌላው ኤስኤስኤል_ሴት1_ሆስት ነው፣ የመጣው ሰርተፍኬት ላይ ስሙ መኖሩን እንዲመረምር። አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያውን ጽፎ ሁለተኛውን የረሳ ኮድ ስንት ነው!

ካዛንቺስ_ማታ · ሰኞ፣ 10፡31

በፓይተንስ?

ቁልፍ_ሠሪዋ · ሰኞ፣ 10፡38

ፓይተን ይምርሃል። ክሪኤት_ዲፎልት_ኮንቴክስት ካልክ ሰንሰለትም ስምም ይመረምራል። ከ3.10 ጀምሮ ከቲኤልኤስ 1.2 በታች በራሱ አይወርድም። 1.0 እና 1.1 በ2021 እ.ኤ.አ. በይፋ ተሽረዋል፣ ማንም ቢለምንህ አትክፈታቸው።

በ3.13 አንድ ነገር ተቀይሯል። ያው ዲፎልት ኮንቴክስት ጥብቁን የኤክስ509 (የሰርተፍኬት አጻጻፍ መስፈርት) ምርመራ ከፍቶ ነው የሚመጣው። ቢሮ ውስጥ በእጅ የተሠራ ሰርተፍኬት «የአውጪው ቁልፍ መለያ» የሚባለው መስክ ከጎደለው፣ በ3.12 ሲሠራ ኖሮ በ3.13 ይወድቃል። ኮዱን አትንካ፣ ሰርተፍኬቱን መስኩን አሟልተህ እንደገና አውጣ።

ዘበኛው · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ዝምተኛውን ለእኔ ተዉልኝ።

ልጄ፣ ቲሲፒው ከተገናኘ በኋላ ሃንድሼኩ ላይ ዝም የሚል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የፓኬት መጠን ነው። የቲሲፒ መክፈቻ ፓኬቶች ትናንሽ ናቸው፣ በጠባብ በር ያልፋሉ። ትልቁ ሲመጣ ይቀረቀራል። ድሮ ክላየንትሄሎ አንድ 500 ባይት ያህል ነበረች፤ የሚቀረቀረው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ነበር። አሁን ኦፕንኤስኤስኤል 3.5፣ አንተ ዴቢያን 13 ላይ ያለህ፣ ለኳንተም ዘመን ተብሎ የተጨመረውን ኤክስ25519ኤምኤልኬም768 በራሱ ያቀርባል። የእሱ የቁልፍ ድርሻ ብቻ 1,216 ባይት ነው። ክላየንትሄሎዋ አንድ ሙሉ ፓኬት ሞላች፣ ስለዚህ ገና ከደጅ ትቀረቀራለች።

ሁለት ነገር ሞክር። አንደኛ፣ ፒንግ በ«አትቁረጥ» (ሰረዝ ትልቁ ኤም ዱ) እና በሰረዝ ኤስ 1472። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1500 ነው። ካላለፈ 1464፣ ከዚያም ዝቅ እያልክ የሚያልፈውን ፈልግ። ሁለተኛ፣ ኤስ_ክላየንት ላይ ሰረዝ ግሩፕስ ኤክስ25519 ብለህ ትንሿን ሄሎ ላክ።

ልደታ_ኮድ · ማክሰኞ፣ 4፡15

ጋሼ፣ 1472 የለም፣ 1464 የለም። 1392 አለፈ፣ 1393 የለም። በኤክስ25519 ብቻ ሳደርገው ወዲያው ተገናኘ! እንዲሁ ልተወው?

ዘበኛው · ማክሰኞ፣ 4፡22

አትተወው። ሃንድሼኩ ያልፍልሃል፣ ማታ የቀኑን ሽያጭ ስትልክ ግን ያው ሙሉ ፓኬት ይመጣና ያው በር ላይ ይቆማል። ጥቂት የሸጠ ቀን ይደርሳል፣ ገበያ የደራ ቀን ይቆማል። ከአሁኑ የባሰ፣ ለማግኘት የሚያስቸግር ብልሽት ነው።

1392 እና 28፣ 1420። ይህ የዋየርጋርድ (የቪፒኤን ዓይነት) መደበኛ ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንዴ የሚያልፍ ትልቁ የፓኬት መጠን ነው። ያ አዲሱ ራውተር ቪፒኤን አለው?

ልደታ_ኮድ · ማክሰኞ፣ 4፡30

አዎ፣ ከዋናው ሱቅ ጋር በዋየርጋርድ ተያይዟል። ፋየርዎሉ ከፒንግ በቀር ሌላውን አይሲኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ችግር የሚነጋገሩበት መልእክት) እንዲጥል ተደርጓል።

ዘበኛው · ማክሰኞ፣ 4፡41

በሽታው እሱ ነው። ራውተሩ «ይህ ፓኬት ትልቅ ነው፣ አሳንስ» የሚለውን መልእክት የሚልከው በአይሲኤምፒ ዓይነት 3 ኮድ 4 ነው። ለደኅንነት ተብሎ ሲዘጋ ማሽኑ ምንም ሳይሰማ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ይደጋግማል። ያንን ዓይነት ክፈት። ለማስተማመኛ ደግሞ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ላይ፣ በማንግል ሠንጠረዥ ፎርዋርድ ሰንሰለት፣ በሲን ፓኬቶች ላይ የቲሲፒኤምኤስኤስ ሕግ በ«ክላምፕ ቱ ፒኤምቲዩ» ጨምር። 1420 ሲቀነስ 40 (ራስጌው)፣ ኤምኤስኤስህ (በአንድ ፓኬት የሚጫነው የዳታ ጣሪያ) 1380 ይሆናል። ለሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፣ ክላየንቱም ሰርቨሩም ከመጀመሪያው ትንንሽ አድርገው ይልካሉ።

ለሰዓታት መቆሙ ግን የኮድህ ጥፋት ነው። የፓይተን ሶኬት ታይምአውት ካልሰጠኸው ገደብ የለውም፤ ሪኩዌስትስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪም እንደዚያው። ለመገናኘት 5 ሰከንድ፣ ለማንበብ 20 ስጠው። ሲወድቅ እንደገና ይሞክር፣ በመሐሉ እያረፈ፣ እረፍቱም በየማሽኑ ይለያይ፤ 14ቱ እኩል ሱቅ ዘግተው እኩል እንዳያንኳኩ። የማረጋገጥ ኤረር ሲሆን ግን አይደጋግም፣ መቶ ጊዜ ቢሞክርም አይለወጥም።

አራት_ኪሎ_443 · ማክሰኞ፣ 5፡00

ታይምአውት ከተነሳ፣ ርቀቱንም አስቡት። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። ለቲሲፒ አንድ፣ ለቲኤልኤስ 1.2 ሁለት ደርሶ መልስ፤ ጥያቄህ ገና ሳይሄድ 450። በ1.3 ቲኤልኤሱ አንድ ስለሆነ 300። እያንዳንዱን ደረሰኝ በአዲስ ኮኔክሽን የምትልክ ከሆነ ግን ዓይነቱ አያድንህም፤ አንድ ሴሽን ከፍተህ ሁሉንም በእሱ ላክ። የ1.3 «ዜሮ ደርሶ መልስ» የሚባለውን ለሽያጭ አትንካው፤ ያ የመጀመሪያ መልእክት ተቀድቶ ተደግሞ ሊላክ ይችላል፣ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገብብሃል።

ልደታ_ኮድ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡20

ሁሉንም አደረግሁ። አምስቱም ቬሪፊኬሽን ተከፍቶ ተገናኝተዋል፣ ፎልሱን ከኮዱ ነቅዬ ጣልሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሰርተፍኬቱን ፕሮግራሙ ውስጥ ፒን ባደርገውስ (ከእሱ ሌላ እንዳይቀበል ባስርስ)?

ሰባራ_ባቡር · ማክሰኞ፣ 9፡45

በዚህ ሰርተፍኬት አይሆንም። ሰርትቦት ሲያድስ ካልከለከልከው ቁልፉንም አዲስ ያደርጋል፤ ከ90 ቀን በፊት 14ቱም ይዘጉብሃል። ፒን ካደረግክ የይፋዊ ቁልፉን የሻ-256 አሻራ እንጂ ሙሉ ሰርተፍኬቱን አታድርግ፣ ሰርትቦትን «ሪዩዝ ኪይ» በለው፣ ሁለተኛ መጠባበቂያ ቁልፍም ሠርተህ አሻራውን ከመጀመሪያው አስገባ፤ ቁልፉ ራሱ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ። ዕድሜው ደግሞ እያጠረ ነው የሚሄደው፦ የአደባባይ ሰርተፍኬት ጣሪያ ከማርች 15 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. 200 ቀን፣ በ2027 100፣ በ2029 47 ቀን።

ቁልፍ_ሠሪዋ · ማክሰኞ፣ 10፡02

እኔ ፒኑን ትቼ የራሱን ትንሽ አውጪ ቢያቆም እመርጣለሁ። 14 ማሽን ሁሉም በእጁ ናቸው፣ ብራውዘር አያስፈልጋቸውም። ለማሽኖቹም ሰርተፍኬት ሰጥቶ ሰርቨሩም እነሱን ይመርምር።

ሰባራ_ባቡር · ማክሰኞ፣ 10፡10

የሥሩን ግል ቁልፍ ማን ይጠብቅለታል? ፍላሽ ላይ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ሊተወው ነው። አልስማማም።

ልደታ_ኮድ · ማክሰኞ፣ 10፡30

ለጊዜው እንዳለ ይቀመጥ። ታብሌቱ ላይ ያሸግኩት ሥር እስከ ጁን 4 ቀን 2035 ይላል፣ ዘጠኝ ዓመት አለኝ ማለት ነው?

አራት_ኪሎ_443 · ማክሰኞ፣ 10፡33

ታብሌቱ ከቆየ አዎ። ለባለሱቁ ስትነግረው ግን «እ.ኤ.አ.» በለው፤ ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር እንዳያስተያየው።